በሁለት ንባብ መካከል የነበረ ውሃ

ጡረታ የወጣሁ ዕለት የመሥሪያ ቤቱ ልጆች ጋቢ አለበሱኝ፣ ኬክ ቆረሱ፣ ፎቶ ተነሣን። ከዚያ አንዱ ወጣት ባለሙያ ስልኩን አውጥቶ "እትዬ ጽጌ፣ እስቲ ይህን ይዩት" አለኝ። ስክሪኑ ላይ አንድ ሰማያዊ መስመር ይታያል። ወንዙ ዳር የተተከለው አዲስ መሣሪያ የውሃውን ከፍታ በየሩብ ሰዓቱ እየለካ በራሱ ይልካል። ሰው የለም፣ ደብተር የለም፣ እርሳስ የለም። "ድሮ በቀን ሁለቴ ብቻ እያያችሁ፣ የቀረውን እንዴት ታውቁት ነበር?" ብሎ ጠየቀኝ። ለማሾፍ አልነበረም፤ የምሩን ነው። "እንገምት ነበራ!" አልኩት። ሁሉም ሳቁ፣ እኔም ሳቅሁ። ቤቴ ገብቼ ጋቢውን ሳጥፍ ግን መልሴ ከነከነኝ።

መሃል ሜዳ ውስጥ አንዲት ክፍል ቤት አለችኝ። ብርዱን አላማም፤ እዚህ አገር ብርድ የሚያማ እንግዳ ነው። የሚከብደኝ በሩ ነው። ሥራ ላይ ሳለሁ ደብተር የሚያመጣው፣ ፊርማ የሚፈልገው፣ መኪና ወጥቷል ብሎ የሚጠራኝ ሁሉ ያንኳኳ ነበር። አሁን የሚያንኳኳው ንፋሱ ነው። ከሬዲዮው ጋር እየተከራከርኩ ውዬ አመሻለሁ፤ እሱም አንድ ቀን አልመለሰልኝም። ስለዚህ ለዚያ ልጅ በደንብ ልመልስለት ብዬ ይህን መጻፍ ጀመርኩ። መገመት አልነበረም ሥራችን። እኔ የገመትኩበት አንድ ጊዜ አለ፤ እሱንም እጽፈዋለሁ።

ሥራው እንዲህ ነው። ወንዝ ዳር ቁጥር የተጻፈበት የብረት ሰሌዳ እንተክላለን፤ ጌጅ እንለዋለን። እዚያው ቀበሌ የሚኖር አንድ ሰው እንቀጥርና ደብተር እንሰጠዋለን። ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት አንዴ፣ ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት አንዴ ወርዶ ውሃው የትኛው ቁጥር ላይ እንደደረሰ ይጽፋል። በወሩ መጨረሻ ደብተሩ እኛ ጋ ይመጣል። ቁጥሮቹን ሚሊሜትር ወረቀት ላይ በነጥብ እናስቀምጥና ነጥቦቹን በመስመር እናገናኛለን። ድልድይ የሚሠራውም፣ መስኖ የሚጠልፈውም ያንን መስመር አምኖ ነው ሥራ የሚጀምረው።

ሲወራ ቀላል ነው። የሚያነበው ግን ሰው ነው። ሰው ይታመማል፣ ገበያ ይወጣል፣ ልጅ ይድራል፣ ለቅሶ ይቀመጣል። አንድ ሳምንት በቀን ሁለቴ ያነብልህና ሦስት ቀን ድምፁ ይጠፋል። ከዚያ አንድ ቀን እኩለ ቀን ላይ አንዲት ቁጥር ብቻ ይጽፋል። ነጥቦቹ አንዱ ጋ ተፋፍገው ሌላው ጋ ተራርቀው ይመጣሉ። በመሃል የነበረውን ውሃ ፈልጎ ማግኘት የኛ ፋንታ ነው።

ይህን ያስተማሩኝ ጋሽ ተሰማ ናቸው። አጭር፣ ደረቅ ያሉ፣ ኮታቸው ኪስ ውስጥ ቆሎ የማይጠፋ፣ እርሳስ በምላጭ ካልቀረጹ ሥራ የማይጀምሩ ሰው ነበሩ። መጀመሪያ የተመደብኩ ጊዜ ሁለት ነጥቦችን በማስመሪያ አገናኝቼ አሳየኋቸው። ማስመሪያውን ከእጄ ወስደው መስኮቱ ላይ አስቀመጡት።

"አንቺ ልጅ፣ ተቆጥተሽ ታውቂያለሽ?"

"አዎ፣ ጋሼ።"

"አኩርፈሽስ?"

"አኩርፌም አውቃለሁ።"

"ወንዝም እንዲሁ ነው። ሲሞላ እንደ ቁጣ ድንገት ነው፤ ሲጎድል እንደ ኩርፊያ ቀስ እያለ ነው። ቁጣና ኩርፊያ በማስመሪያ ይሰመራል?"

ከዚያ ወዲያ መስመር በእጄ ነው የማሰምረው። ውሃው እየጎደለ ሳለ የተነበቡ ሁለት ሦስት ነጥቦች ካሉኝ፣ የኩርፊያውን መልክ ይዤ ወደ ኋላ እየሄድኩ ቁጣው መቼ እንደነበረ አገኛለሁ። ያም ካልበቃ ወንዙ ዳር ወርደን ቁጥቋጦ ላይ የተሰቀለውን ሣርና ገለባ እናያለን፤ ጎርፍ የደረሰበት ቦታ ምልክት ሳይተው አይሄድም። ምንም ምልክት ከጠፋ ጋሽ ተሰማ ቦታውን ባዶ ይተዉትና "አልታየም" ብለው ይጽፉበታል። አለቆቻችን ይህን ቃል አይወዱትም ነበር። ባዶ ቦታ ያለበት መዝገብ ሥራ ያልተሠራበት ይመስላቸዋል። እሳቸው ግን ወይ ፍንክች።

ሌላም ልማድ ነበራቸው፤ ያን ጊዜ ጊዜ ማባከን ይመስለኝ ነበር። አዲስ ጌጅ ጋ ስንሄድ የመጀመሪያውን ቀን ምንም አይለኩም። ከአንባቢው ጋር ቁጭ ብለው ይውላሉ። ስለ ውሃው አንድ ጥያቄ አይጠይቁም። ላም የሚታለበው መቼ ነው? ገበያህ የት ነው? ደብራችሁ ማን ነው፣ በየት በኩል ነው የምትሄዱት? ስንመለስ በቅሎ ላይ ሆነው "የሰውዬው ውሎ ካልገባሽ ቁጥሩ አይገባሽም" ይሉኛል። እኔ በልቤ፣ የዚህን ሰውዬ ላም እኔ ነኝ የማልባት? እላለሁ።

ከሞላሌ ወጣ ብሎ አስካለ የምትባል ጌጅ አንባቢ ነበረችን። ጠላ ጠምቃ የምትሸጥ፣ አንደበተ ርቱዕ ሴት ናት። ደብተሯ ጉድ ነው! አሥራ ሁለት ሰዓት የሚባል ነገር አታውቅም። "ልብስ ላጥብ ወርጄ፣ አራት ሰዓት"፤ "ከገበያ ስመለስ፣ አሥር ሰዓት"፤ "ዝናቡ እንዳባራ፣ ስምንት ተኩል"። ኃላፊያችን በሌላ ሰው እንተካት ሲሉ ጋሽ ተሰማ ወንበራቸውን ገፍተው ተነሡ።

"ይህችን ሴት ከነካችኋት እኔም አብሬ እወጣለሁ!"

ኋላ ለብቻችን ስንሆን አስረዱኝ። በእኛ አገር ክረምት ዝናቡ ከቀትር በኋላ ነው የሚጥለው። ከጓሳ ተራራ የሚወርደው ጎርፍ በትንንሾቹ ወንዞች ላይ ዘጠኝ ሰዓት ግድም ያልፋል። አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ያ ሰዓት አክባሪ አንባቢ ሲመጣ ውሃው ወደ ቦታው ተመልሷል። በሚቀጥለውም ቀን እንዲሁ፣ በሚቀጥለውም ዓመት እንዲሁ። ዕድሜ ልኩን በታማኝነት ያነባል፣ ጎርፉን ግን አንድ ቀን አያየውም። አስካለ ሰዓቷ የተዘበራረቀ ስለሆነ በሦስት በአራት ክረምት ውስጥ የቀኑን ሰዓት ሁሉ ጎብኝታዋለች። ነጥቦቿን ሰብስቦ በየሰዓታቸው ላስቀመጠ የወንዙ ውሎ ቁልጭ ብሎ ይታያል። "አንድ ነገር ብቻ አጥብቀሽ ያዢ" አሉኝ፤ "የቆመችበትን ሰዓት በእውነት ጽፋለች። ሰዓቱ ባይጻፍ ኖሮ ይህ ሁሉ ጉድፍ ነበር።"

ሰማሁ። ገባኝም። ግን እኔ በተፈጥሮዬ ሥርዓት ወዳድ ነኝ፤ የአስካለን ደብተር ስከፍት ያሳክከኝ ነበር።

በመሃል አግብቼ ነበር። ክረምት በገባ ቁጥር ግሼ ነው፣ መርሐ ቤቴ ነው፣ በፈረስ በእግር ነው ስል፣ ባለቤቴ ሁለት ክረምት ታገሠኝ። ሦስተኛው ላይ "ወንዝ ብሆን ኖሮ በወር አንዴ ታዪኝ ነበር" ብሎ ሄደ። ሰው ሲያገኘኝ ይህን እያወራሁ አስቃለሁ። ያን ጊዜ አልሳቅሁም። ልጅ አልነበረንም። ከዚያ በኋላ ሥራው ቤቴ ሆነ።

ጋሽ ተሰማ ጡረታ ወጡ፣ ብዙም ሳይቆዩ ዐረፉ። እሳቸው ወንበር ላይ እኔ ተቀመጥኩ። የምሳ ሰዓት ሲሆን ቆሎ የሚዘግንልኝ፣ "አንቺ ልጅ" የሚለኝ ሰው አልነበረም። ኃላፊዎቹ ሥራዬን ይወዱታል፤ መዝገቤ ባዶ ቦታ የለውም። ቀስ በቀስ መውረድም ተውኩ። መንገዱ ጭቃ ነው፣ ጉልበቴ ያመኛል፣ ደብተሩ በሰው እጅ ይምጣ እል ጀመር። ከራቤል በታች አጋም ውሃ የምትባል ወንዝ ላይ አዲስ ጌጅ ሲተከል እንኳ ሄጄ አልዋልኩም።

የአጋም ውሃ አንባቢ ቄስ ጌታነህ ይባላሉ። ቤታቸው ከወንዙ ወዲህ፣ የሚያገለግሉበት ቤተ ክርስቲያን ከወንዙ ወዲያ ነው። ጽሑፋቸው እንደ ብራና ጽሕፈት የቆመ፣ ምንም ስርዝ ድልዝ የሌለበት። ወደድኩላቸው። ጠዋትና ማታ ሁለት ቁጥር፣ አንድ ቀን ሳይቀር። ችግር የምትሆንብኝ ነሐሴ ብቻ ናት። ነሐሴ በገባ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት የማታው ቁጥር ያብዳል። አንዱ ቀን ልክ ይሆናል፣ በማግሥቱ ከሰው ቁመት በላይ ይወጣል፣ ከዚያ ደግሞ ይወርዳል። ከወንዙ ታች ሌላ አንባቢ ነበረን፤ አሥራ ሁለት ሰዓት ሲል እንደ ደወል የሚደርስ። የእሱ ደብተር ላይ እንዲህ ያለ ነገር የለም።

በዚያ ሰሞን የአካባቢው ሰው ቤተ ክርስቲያን የሚሻገርበት የእግረኛ ድልድይ ሊሠራ ሆነ። የሚሠሩት ሰዎች ውሃው እስከ የት እንደሚደርስ ጠየቁን። ደብተሮቹን አወጣሁ። እነዚያን ከፍ ያሉ የነሐሴ ቁጥሮች እያየሁ፣ ቄሱ ጾም አድክሟቸው፣ ዓይናቸው ፈዞ ይሆናል አልኩ። እግዚአብሔር ያሳያችሁ፣ ይህንን እያልኩ እኔም ጾመኛ ነበርኩ። ቀይ እርሳስ አንሥቼ አንድ በአንድ ሰረዝኳቸው። በቦታቸው ከግራና ከቀኝ ያሉትን ነጥቦች የሚያገናኝ ለስላሳ መስመር አሰመርኩ። ያማረ መስመር ነበር። ከፍተኛው ውሃ ይህ ነው ብዬ ሰጠኋቸው፤ ድልድዩ በዚያ ልክ ተሠራ።

አራት ክረምት ቆመ። በአምስተኛው፣ በፍልሰታ ጾም፣ ሕዝቡ ከቅዳሴ ሲመለስ ጎርፍ መጥቶ ድልድዩን ይዞት ሄደ። አብዛኛው ሰው ተሻግሮ ነበር። ወይዘሮ ዘነበች አልተሻገሩም። የቄስ ጌታነህ ባለቤት ናቸው።

ወሬው ቢሮ የደረሰ ዕለት ደብተሮቹን ከመደርደሪያ አውርጄ ዘረጋኋቸው። ቀይ ስርዞቼን አየሁ። ከቀን መቁጠሪያው ጋር አስተያየኋቸው። ሰኞ ስርዝ አለ፤ ማክሰኞ፣ ረቡዕ፣ ሐሙስ፣ ዓርብ አለ። ቅዳሜና እሑድ የለም። በሚቀጥለውም ሳምንት ቅዳሜና እሑድ የለም። በሌላውም ዓመት የለም። ውሃ ቅዳሜና እሑድን ለይቶ አያውቅም፤ የሚያውቅ ሰው ነው። ቀና ብዬ ሰዓቴን አየሁ፣ ዘጠኝ ሊሆን ነው፣ ራሴም እህል ለመቅመስ ዘጠኝ ሰዓትን እየጠበቅሁ ነበር። ያን ጊዜ ገባኝ።

በፍልሰታ ሁልጊዜ ይቀደሳል፤ የሚወጣውም ዘጠኝ ሰዓት ነው። ቅዳሜና እሑድ ግን ጠዋት ነው። ቄስ ጌታነህ በጾሙ ሰሞን ከቅዳሴ ሲመለሱ፣ ወንዙን ሊሻገሩ ሲደርሱ፣ ጌጁን አይተው "ማታ" በሚለው ቦታ ይጽፉታል። እኛ የሰጠናቸው ደብተር "ጠዋት" እና "ማታ" የሚል እንጂ ሰዓት የሚጻፍበት ቦታ የለውም፤ አስካለ ከጎን በራሷ ነበር የምትጽፈው። በዓመት ውስጥ እነዚያን ጥቂት ቀናት ብቻ ጎርፉ በሚያልፍበት ሰዓት ወንዙ ዳር የሚቆም አንድ ዓይን ነበረን፤ እኔ እሱን በቀይ ሰረዝኩት። ሄጄ አንድ ቀን ብውል፣ ደብራችሁ ማን ነው፣ መቼ ነው የምትሻገሩት ብዬ ብጠይቅ ኖሮ ይበቃ ነበር።

እንደዚያ ሆኜ ሳለሁ ኃላፊው በሩን ከፍተው ገቡ። "ጽጌ፣ ስህተቱ የት ነው? ከላይ እየጠየቁኝ ነው።"

አፌን ከፈትኩ። እውነቱን ልናገር ነበር፤ እስከ ዛሬ ድረስ እንደዚያ ብዬ ራሴን አጽናናለሁ። የወጣው ቃል ግን "የአንባቢው መዝገብ የጥራት ጉድለት አለበት" የሚል ነው። እሳቸው እፎይ አሉ። ለቄስ ጌታነህ ደብዳቤ ተጻፈ፤ ድልድዩ የተሠራው እርስዎ ባነበቡት ልክ ነው፣ ንባብዎ ስህተት የበዛበት ሆኖ ስለተገኘ ከሥራ ተሰናብተዋል የሚል። ደብዳቤውን በመዝገብ ቁጥር ያስወጣሁት እኔ ነኝ። ፈርቼ ነው። እንጀራዬን ፈራሁ፣ ስሜን ፈራሁ፣ ያቺን ብቸኛ ወንበሬን ፈራሁ። ከአሁን ነገ እያልኩ አሥራ አንድ ዓመት ሄደ።

ጡረታ በወጣሁ በሦስተኛው ወር ወደ ራቤል የሚሄድ መኪና ተሳፈርኩ። ከዚያ በእግሬ ወረድኩ። መንገድ ላይ እንስራ ያዘለች ሴት አግኝቼ የቄስ ጌታነህን ቤት ጠየቅኳት።

"ቄስ?" አለችኝ፤ "አይ፣ ከቀደሱ ስንት ዘመናቸው! ባለቤታቸው ከሞቱ ወዲህ መቅደስ አልገቡም። ቤታቸው ግን ያችውና፣ ጭሱ ጋ።"

ደጃፋቸው ላይ የገብስ ጭድ ይሰበስባሉ። ጥምጥም የለ፣ መስቀል የለ፤ እንደ ማንኛውም ገበሬ አሮጌ ባርኔጣ አድርገዋል። በርጩማ አውጥተው አስቀመጡኝ።

"ከወዴት ነሽ ልጄ?"

"የውሃ መሥሪያ ቤት ነበርኩ አባቴ። ጽጌ እባላለሁ። ደብተርዎ ለእኔ ነበር የሚመጣው።"

መንሹን አስቀመጡ። "አሁንም ሌላ ስህተት አገኛችሁ?"

"ስህተት አልነበረም" አልኩ። "አንድም ስህተት አልነበረም።" ከዚያ ሁሉንም ነገርኳቸው። ቀይ እርሳሱን፣ ዘጠኝ ሰዓቱን፣ ቅዳሜና እሑዱን። ሳያቋርጡ ሰሙኝ።

"ድልድዩ ሊሠራ ሰሞን፣ ያ ትልቁን ውሃ የጻፍኩበት ዕለት አለ" አሉ፤ "ከሰሌዳው ጫፍ ትንሽ ቀርቶት ነበር። እሱንም ሰረዝሽው?"

"እሱንም ሰረዝኩት።"

"እኔ እኮ ያን ዕለት ሁለት ጊዜ ተመልሼ አየሁት። ዓይኔን አላምን ብዬ ዘነበችን ጠራኋት። እሷ ናት ቁጥሩን ያነበበችልኝ፤ 'ጻፈው፣ ልክ ነው' አለችኝ።"

በጎቹ ከአጥር ወዲያ ይንጫጫሉ። ቄስ ጌታነህ ባርኔጣቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አደረጉት።

"እንግዲያ ዓይኔ ደኅና ነበራ" አሉ። ፊታቸው አንድ አፍታ እንደ ልጅ ፊት በራ። ከዚያ ያ ብርሃን ሄደ።

"ደብዳቤያችሁ ሲመጣ እኔ ያልኩት ምን መሰለሽ? ባጠፋሁት ቁጥር ድልድዩ ዝቅ ብሎ ተሠራ፣ ዘነበችን የገደልኳት እኔ ነኝ አልኩ። ደም ያለበት እጅ ሥጋ ወደሙን አይነካም ብዬ ወጣሁ። የንስሐ አባቴ ለመኑኝ፣ ሽማግሌ ላኩብኝ፤ እምቢ አልኩ። በዓል ሲሆን ከደጅ ቆሜ ነው የማስቀድሰው።" ቀና ብለው አዩኝ። "አንቺ ይህን ያወቅሽው መቼ ነው?"

"ያኔውኑ።"

"ደብዳቤው ሳይጻፍ?"

"ሳይጻፍ።"

አልጮሁም። ቢጮሁብኝ ምን ነበረ! ከበርጩማው ወርጄ እግራቸው ላይ ተደፋሁ። "ይፍቱኝ አባቴ" አልኩ። ቀኝ እጃቸው በልማድ ከራሴ በላይ ተነሣች። ጥላዋን መሬት ላይ አየሁት። ጠበቅሁ። ከዚያ እጃቸው ቀስ ብላ ተመለሰች።

"ተነሺ ልጄ" አሉኝ። "'ይፍታሽ' የሚለውን ቃል ካወጣሁ ዘመኔ ነው፤ ዛሬ ለአንቺ ልጀምረው አልችልም። አሁን የነገርሽኝን ለሰበካ ጉባኤው ጽፈሽ ስጪልኝ። ዘነበች አይታዋለች የሚለውንም ጻፊ።"

እዚያው ጻፍኩ። ስሜንና የነበረኝን የሥራ ድርሻ አስፍሬ ፈረምኩ፤ አንዱን ቅጂ ለድሮው መሥሪያ ቤቴ ላክሁ። ከእነሱ እስካሁን መልስ አልመጣም። ቄስ ጌታነህ ግን በዚህ ዓመት ፍልሰታ መቅደስ መግባታቸውን ከራቤል የመጣ ሰው ነገረኝ። መጀመሪያ ሲቀድሱ ድምፃቸው ተቆርጦ ሕዝቡ አብሯቸው አለቀሰ አለኝ።

በዚያ ጾም በየቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ከቤቴ ደጃፍ ቁጭ ብዬ፣ አሁን ሕዝቡን አሰናብተው እየወጡ ነው እል ነበር። ለሁሉም "እግዚአብሔር ይፍታችሁ" ብለዋል። እኔ ግን ሄጄ እንደገና ለመጠየቅ ድፍረቱ የለኝም፤ እሳቸውም አላስጠሩኝም።